የሳዲቅ ባሕር

ልብስ ሰፊው ሳዲቅ ጎረቤቴ ነው። ልጁ አሕመዲን ወደ ዐረብ አገር ሲሻገር ጀልባው ጅቡቲ ዳርቻ ተገልብጦ ሰጠመ፤ ሬሳው አልተገኘም። ሳዲቅ ሊፈልገው ሄዶ ይዞ የተመለሰው ሁለት ጀሪካን የባሕር ውሃ፣ አንድ ድንጋይና በፌስታል አንዲት ዝንጉርጉር ዓሣ ነበር። የመስታወት ገንዳ አሠርቶ ቤቱ አስቀመጣቸው።

«ልጄ መቃብር የለውም፤ ይቺ ውሃ ትሁነኝ» አለ። የከተማችን የመካነ ሰላም ሰው ዐበደ አለው። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ከድንጋዩ ጋር ግን ሌላ ጉድ ተደብቆ መጥቶ ኖሯል። ጥፍር የሚያህሉ፣ ጫፋቸው ፀጉራም የሆነ ነገሮች በቅለው ገንዳውን ወረሩት። ዓሣዋ ስትጠጋቸው ይለበልቧታል። ሳዲቅ ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ የሎሚ ጭማቂ በመርፌ እየወጋ አንድ በአንድ ይገድላቸዋል። በማግስቱ እጥፍ ሆነው ይጠብቁታል። ዓሣዋ ክንፏ ተበጣጥሶ ጥግ ይዛ ቀረች፤ እሱም አብሯት ከሳ።

«ብርሀንነሽ፣ እሷ ከሞተች አሕመዲን ሁለተኛ ሞተብኝ ማለት ነው» ይለኛል።

ባለፈው ጥቅምት ወደ ደጎሎ ከተማ ለቅሶ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ። የእኔ እጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም! የወግዲ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ የከብት መጠጫን አልቅት ሲወረው እንዶድ ወቅጠን እንጨምርበታለን። ታዲያ ይሄ በምን ይለያል ብዬ፣ ለነጠላ ማጠቢያ ካስቀመጥሁት አንድ እፍኝ ወቅጬ ጨመርሁ። ለዓሣዋ አየር የሚነፋው የገንዳው ማሽን ውሃውን አረፋ በአረፋ አደረገው። ፀጉራሞቹ ተኮማትረው ሲረግፉ ደስ አለኝ። ወዲያው ዓሣዋ በጎኗ ተንሳፈፈች።

ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ እያለቀስሁ ነገርሁት። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ዓሣዋን አየ። ቢሰድበኝ በወደድሁ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ እህቴ፤ ለእኔ ብለሽ ነው» አለኝ።

ውሃውን በነዚያው ጀሪካኖች ቀዳ። አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ ተሸክመን ወደ እስላም መቃብር ሄድን። ዶማውን ከማንሳቱ በፊት ከአንገቱ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አውርዶ መሬቱ ላይ ዘረጋ። የአሕመዲንን ቁመት ማንንም አልጠየቀም፤ ለመንገድ የለበሰውን ሱሪ የሰፋለት እሱ ነው። በዚያው ልክ ቆፈረ። ዓሣዋን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ አስገባ፤ ውሃውን አፈሰሰበት፤ አፈሩም ጠጣው።

ሳዲቅ ለልጁ ጮኾ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ ባዶውን ጀሪካን ይዤ ቆሜያለሁ፤ የእንዶዱ አረፋ ጀሪካኑ አፍ ላይ ነበር።