ያልጠራው አቅጣጫ

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ከመገናኛ የተሳፈርኩበት ሰርቪስ እንጦጦ ተራራ ላይ ካለው የኅዋ ምርምር ማዕከል ሲያወርደኝ፣ ቴሌስኮፕ የማይ መስሎኝ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ተፈራ ግን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። የምንፈልገው ብርሃን እጅግ ደካማ ስለሆነ ዳታው ውጭ አገር ካሉ ትልልቅ ቴሌስኮፖች በኢንተርኔት እንደሚመጣ ነገሩኝ።

ጥያቄያችን አንድ ነበር። ዩኒቨርስ ገና በልጅነቱ በሃይድሮጅን ጋዝ የተሞላ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ሲበሩ ጨረራቸው ከሃይድሮጅኑ ላይ ኤሌክትሮኑን ነጠቀ፤ ጋዙም አዮን ሆነ። ይህ መቼ አለቀ?

የምንለካው ኳዛር በሚባሉ ሩቅና ደማቅ አካላት ነው። የኳዛሩ ብርሃን ወደኛ ሲመጣ አዮን ያልሆነ ሃይድሮጅን ካጋጠመው ይዋጣል። ብርሃኑ በየቀለሙ ተዘርዝሮ በሚታይበት ግራፍ ላይም ጥቁር ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ የወጣበት ቀለም ጋዙ በየትኛው ዘመን እንደነበረ ይነግረናል። ጋዙ አዮን ከሆነ ግን ብርሃኑ ያልፋል፤ እኛ "ጠራ" እንላለን።

ዳታውን የምታጸዳው ሂሩት ነበረች፤ ከኔ ቀድማ የገባች፣ ንግግር የማታበዛ። ማጽዳት ማለት የምድር አየር ራሱ የሚያወጣውን ብርሃን መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ከተሳሳቱ የሌለ ጨለማ ይፈጠራል።

ዶክተር ተፈራ ሁሉም ነገር ዩኒቨርስ አንድ ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላው እንዳለቀ ቀደም ብለው ጽፈው ነበር። አብዛኞቹ ኳዛሮቻችን ከሳቸው ጋር ተስማሙ። በአንዱ አቅጣጫ ግን፣ ከዚያ ጊዜም በኋላ፣ ረጅም ጥቁር ክፍተት ወጣ።

"የማጽዳት ችግር ነው፤ ከዳታው አውጡት" አሉ።

ሂሩት የት ላይ እንደተሳሳተች እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። እሳቸው ጽሑፉ ለጆርናል የሚላክበት ጊዜ መድረሱን ነገሯት።

"ስህተቱ ከተገኘ ራሴ አወጣዋለሁ" አለች። "ካልተገኘ በምን ምክንያት ላውጣው?"

ዶክተሩ ወደኔ ዞሩ። ከጥሬው ዳታ ተነስቼ፣ የሷን ፕሮግራም ሳልጠቀምና እሷን ሳላማክር፣ ለብቻዬ እንድሠራው አዘዙኝ። ኮንትራቴን የሚያድሱት እሳቸው ናቸው፤ ሰርቪስ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ደግሞ እሷ ናት። በነዚያ ሳምንታት ስለ ወሰን ሰፈር የመንገድ ቁፋሮና ስለ ውሃ መጥፋት እንጂ ስለ ሥራ አናወራም ነበር።

አንድ ቀን ባንክ እንደቀጠራት ነገረችኝ። በክርክሩ ምክንያት እንደሆነ ጠየቅኳት። አይደለም አለች፤ እናቷ ታመዋል፣ የምትኖረውም አያት ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ተራራውን ወጥቶ መመለስ አልቻለችም። ሥራው የት እንደደረሰ ግን አልጠየቀችኝም። ወሩ ሲያልቅ ሄደች።

ክፍተቱን ለማጥፋት የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የአየሩን ብርሃን በሌላ ዘዴ ቀነስኩ፤ ክፍተቱ አለ። ግራፉን ይዤ ዶክተር ተፈራ ቢሮ ስገባ ፈርቼ ነበር።

ብዙ ካዩት በኋላ "ዳታውን ለሁለት ከፍለህ ሞክረሃል?" አሉኝ።

"አዎ። ሁለቱም ላይ አለ፤ የአጋጣሚ ስህተት ቢሆን ባንዱ ብቻ ይታይ ነበር።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "እንግዲያው የተሳሳተው የኔ ግምት ነው" አሉ።

ጽሑፉን እንደገና ጻፍነው። ሃይድሮጅኑ በሁሉም ቦታ እኩል አልጠራም፤ አንዳንዱ ቦታ ቀድሞ፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ነው፤ መጨረሻውም እሳቸው ከጻፉት በኋላ ነው። አንድ ቁርጥ ያለ ጊዜ ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል ግምት ሰጠን። የሂሩት ስም ጽሑፉ ላይ ከሳቸው ስም እንዲቀድም ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ በባቡር አያት ሄጄ ጽሑፉን ሰጠኋት። እናቷን እያበላች ነበር፤ ሳህኑን አስቀምጣ ግራፉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እኔ እኮ ስህተቱ የኔ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር" አለች።

"ታዲያ ለምን ተከራከርሽ?"

"ማንም ስህተቱን አላሳየኝማ።"

ወደ እንጦጦ አልተመለሰችም፤ እስካሁን ባንኩ ውስጥ ነው የምትሠራው።

ዛሬ አዲስ ገቢዎችን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ከሌሎቹ የተለየ ልኬት ስህተቱ ከተገኘ ከዳታው ይወጣል። ካልተገኘ ይቀመጣል፤ ግምቱም እሱን እስኪይዝ ድረስ ይሰፋል።