እትዬ የብርጓልና የጥዱ ዘር

እትዬ የብርጓል ደብረ ኤልያስ አጠገብ ባለው ችግኝ ጣቢያችን ውሃ አጠጪ ነበሩ። እኔ ፎርማናቸው ነኝ፤ ማን ማንን ያዝዝ እንደነበር ግን ባልናገር ይሻለኛል።

ስድስት ክረምት ከመንደራቸው በላይ ባለው የተራቆተ ተራራ ላይ የጥድ ችግኝ ተከልን፤ ስድስቱንም በጋው ፈጀው። በ1996 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሌላ ጆንያ ዘር በመኪና ሲመጣ፣ እትዬ የብርጓል ገና ሳይፈታ ተቆጡ።

«እስከ ጥር ጊዜ ስጠኝ፤ ዘሩን እኔው አመጣለሁ። አሁንም ከደረቀ ተራራውን ለባሕር ዛፍ ሊሰጡት ነው። ያን ጊዜ ምንጫችን አለቀላት» አሉኝ።

ሳቅሁባቸው፤ ጊዜውን ግን ሰጠኋቸው።

ተራራው ላይ ከድሮው ደን አንዲት ጥድ ብቻ ቀርታለች። «ይህን ሁሉ በጋ ከቻለች ልጇም ይችላል» ብለው ፍሬዋን በቁና ለቅመው መጡ። ፈልፍለን ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ዘሩ ሁሉ ተንሳፈፈ። አንዱን በጥርሳቸው ሰበሩት፤ ባዶ ነው። ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሳቸውን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን እየተመላለሱ ጥዶቹን አንድ በአንድ ማየት ያዙ።

«አንዳንዱ ቢጫ ብናኝ ያራግፋል እንጂ ፍሬ የለውም፤ ፍሬ ያላት ደግሞ ብናኝ የላትም። ለካ ወንድና ሴት ናቸው! የኛዋ ብቻዋን ቆማ ምን ታድርግ?» አሉኝ አንድ ቀን።

አሥራ አንድ ዓመት ፎርማን ሆኜ ይህን አላየሁም።

ቄስ ቢተው የሚባሉት የደብሩ ካህን ቅርንጫፍ እንዳይሰበር አስጠንቅቀው ፍሬ እንዲለቅሙ ፈቀዱላቸው። እትዬ ከሃያ ዛፍ እፍኝ እፍኝ ለቀሙ፤ አብዛኛውን ድርቅ የለመዱ ናቸው ብለው በደኑ ዳር ድንጋይ ላይ ከበቀሉት። ያኛው ዘር ውሃ ውስጥ ሰመጠ። እልህ ይዞኝ የጆንያውንም ጨመርሁ፤ እሱም ሰመጠ።

«አዩ? የኔም ደህና ነው» አልኋቸው።

«ደህና ነው። እናቱ የበቀለችው የት ነው?»

ጆንያውን አገላበጥሁት። ቁጥርና ማኅተም አለው፤ የአገር ስም የለውም። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ጭንጫ ላይ ጉድጓድ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ዘሩ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም።

ጆንያውን መልሼ አሰርሁና የችግኝ መደቡን በሙሉ ለእሳቸው ዘር ለቀቅሁ።