አባቴ አውፍ ያለ ዕለት

በሸዋ ሮቢት ገበያ ሳልፍ የጥሬ ሽንኩርት ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ዛሬም አባቴ ከሥራ የተመለሰ ይመስለኛል። በበጋ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ እርሻ ሽንኩርት ሲነቀል፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይመለስ ነበር፤ ሸሚዙ፣ ሽርጡ፣ ጣቶቹ ሁሉ ይሸቱ ስለነበር እናቴ «መጀመሪያ ታጠብ፣ ልጆቼን አታስለቅስብኝ» እያለች በር ላይ ታስቆመው ነበር። ሠራተኞቹን የሚያመላልሰው የእርሻው አይሱዙ ነበር፤ ሾፌሩ ጀማል የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ በልጅነቱ ከቤታችን እየበላ ያደገ።

ሽንኩርቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ በቦዩ ዳር የመኪናው የጎን በር ተከፈተና አባቴ ወደቀ፤ የኋላው ጎማም ጉልበቱ ላይ ወጣበት። ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አለ፣ ሶላቱንም ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግድ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጡ። በእኛ አገር ሳያውቅ ሰው የጎዳ ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ተጎጂውም «አውፍ» ይላል፣ ይቅር ብያለሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፖሊስ ዘንድ መሄድ ነውር ነው። ጀማል ደጃችን ተንበርክኮ ያለቅስ ነበር። አባቴ ብዙም ሳያስለምን «አውፍ ብዬዋለሁ፣ የአላህ ቀደር ነው» አለ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «አውፉ ለጀማል ነው ወይስ ለእርሻውም ነው? ትራፊክ ይምጣና አደጋውን ይመዝግብ እንጂ» አለች። ሸህ ኑርዬ፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ «ተይ ልጄ፣ ትራፊክ ከመጣ ልጁ ይታሰራል፤ አውፍ ተብሎ መክሰስ አለ እንዴ?» አሏት። እናቴ ክርክሩን ትታ ቡና ልታፈላ ተነሣች። ያን መተዋን እስከ ዛሬ አልወደውም።

ክረምት ገብቶ የቤታችን እህል ሲሟጠጥ፣ እናቴ በጭቃው እኔን አስከትላ ወደ እርሻው ቢሮ ትመላለስ ጀመር። ኃላፊው ወንበር እየሰጠን «እትዬ፣ ከሥራ ሲመለስ በሰርቪሳችን ላይ የተጎዳ ሰው ካሳ አለው፤ ግን በእኛ መኪና መጎዳቱን የሚያሳይ የትራፊክ ማስረጃ አምጡ» ይላት ነበር። ወንበር ሰጥቶ ማሰናበት ምን ዓይነት ደግነት እንደሆነ እንጃ። ትራፊክ ቢሮው ደግሞ ወራት ያለፈውን አደጋ ያለ ምስክር አልመዘግብም አለ። ከአባቴ ጋር የተሳፈሩት የቀን ሠራተኞች ሽንኩርቱ ሲያልቅ ወደየአገራቸው ተበትነው ነበር፤ ሽማግሌዎቹም «የእርቅ ቃል ለችሎት አይወጣም» አሉ። የቀረው ጀማል ነበር፤ ትራፊክ ቢሮ ተጠርቶ ሲጠየቅ ለእንጀራው ፈርቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ወደ ኋላ አላየሁም፣ የሆነውን አላውቅም» አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ የማሽላው አጨዳ አልፎ እንኳ ከሰው ጋር በወጉ አይነጋገርም ነበር።

በጋው ሲመለስ እናቴ ራሷ በዚያው አይሱዙ ላይ ተሳፈረች፤ ሌላ የሚቀጥራት አላገኘችም። ጀማል በየማለዳው ሰላምታ ያቀርብላታል፣ እሷም ትመልስለታለች። እኔ ከትምህርት ቀርቼ አባቴን አነሳ፣ አስቀምጥ ነበር።

ዛሬ በከተማችን አደጋ ሲደርስ ወጣቱ ቀድሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ ትራፊክ ይጠራል፤ ሽማግሌ የሚመጣው በኋላ ነው። አባቴ አሁንም እግሩን ዘርግቶ ደጅ ይቀመጣል፣ አውፍ በማለቱ እንደማይጸጸትም ይናገራል፤ አምነዋለሁ። እኔም ሠራተኛ ሆኜ በየማለዳው ሰርቪስ እጠብቃለሁ። ድሮ አባቴን ስትሸኝ «አላህ ይመልስህ» ብቻ ትል የነበረችው፣ ሶላቷ አንድ ቀን ያላለፋት እናቴ፣ እኔን ስትሸኝ ነጠላዬን ታስተካክልልኝና ቀስ ብላ «ከወደቅሽ፣ ማንም ቢለምንሽ፣ እኔ እንኳ ብለምንሽ፣ አውፍ እንዳትይ» ትለኛለች።