ከወንጪ የመጣችው ምትክ

የቀበሌያችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን በውድድሩ አጋማሽ ኳስ የምታነሳልንን ልጅ አጣ፤ አግብታ ሸነን ሄደች። አንድ ጨዋታ ከተሸነፍን ቡድኑ ይፈርሳል ተብለናል። ለእኔ ከማታ ትምህርት ሌላ ከቤት የሚያስወጣኝ እሱ ብቻ ነበር።

ምትክ የማፈላለጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። በየትኛውም ቀበሌ ቡድን ያልተመዘገበች፣ ከወንጪ መጥታ አምቦ አክስቷ ዘንድ የተቀመጠች ልጅ አገኘሁ። ጣቶቿን፣ አዘላለሏን፣ ኳስ ሲያመልጣት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ሳይቀር አየሁ።

«ለወንድምሽ ሚስት ነው እንዴ የምትመርጪው?» አለችኝ አምበላችን።

የጨዋታው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ እጫወታለሁ ያለችኝ ልጅ ቀረች። ሮጬ አክስቷ ቤት ብደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ድምፁ ዝግ ያለ መዝሙር ይሰማል። ያን ጊዜ ሰው የት እንደሚጸልይ አይጠየቅም፤ ጴንጤ መባል ያሳስር ነበር። እኔም አልጠየቅኳትም ነበር። በሩን ባንኳኳ ሊይዟቸው የመጡ መስሏቸው ይደነግጣሉ። እጄን አንስቼ መልሼ አወረድኩት።

ሜዳው ላይ ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ቆሟል።

«ኢሼን ኤሳ? የታለች?» አለች አምበላችን።

«አሟታል» አልኩ።

አምስት ሆነን መጫወት አይፈቀድም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ለሌሎቹ ፈረደላቸው።