አንድ ጠቅታ ወደ ኋላ

ሰዓት ሠሪው በሥራው አይታማም። ሌላው ባለሙያ "ይሄስ አልቆለታል" ብሎ የመለሰውን ሰዓት ተቀብሎ ነፍስ ይዘራበታል። ታዲያ ይህ ሰው በአርባ ስምንት ዓመቱ ምን ቆርጦት አሮጌ ካሜራ እንደገዛ እንጃ። "ትርፍ ጊዜዬን ላሳልፍበት" ነበር ያለው። ሦስት ወር ሙሉ ያሳለፈው ግን በንዴት ነው።

መጀመሪያ አበባና የጎረቤት ድመት ነበር የሚያነሳው፤ ቢበላሽም የሚከሰው የለም። የእናቱ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። እናቱ ፍንጭት ናቸው። ሲስቁ ብቅ የምትለውን ያቺን ክፍተት እሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይወዳታል። ቤት ውስጥ ካለው የፎቶ ክምር ግን እሷ የምትታይበት አንድም የለም። ድሮ ፎቶ ቤት ሲሄዱ ኮስተር ብለው ይነሱ ነበር። ጥርሶቹ መነቃነቅ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ገና ሳይስቁ እጃቸው ቀድሞ አፋቸው ላይ ይደርሳል። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም የፊት ጥርሶች ይነቀላሉ። እሱ ከሰኞ በፊት ያንን ሳቅ በፎቶ ሊያስቀረው ቆርጧል። ለማንም አልተናገረም፤ እናቱ ከሰሙ ከንፈራቸውን እንደሚገጥሙ ያውቃል።

ጨጓራውን የላጠችው በካሜራው አናት ላይ ያለችው መዘውር ናት። በዙሪያዋ ስምንት ምልክት አለ፤ እያንዳንዱ ለአንድ ዓይነት አነሳስ ነው። ካሜራው ሁሉን በራሱ የሚወስንበት አውቶ ላይ ሲያደርጋት ፍላሹ ብድግ ብሎ ቦግ ይላል፤ እናቱ "ዓይኔን አጠፋኸው!" ይላሉ፣ ሳቁንም ውሃ ይበላዋል። ኤ ላይ ሲያደርጋት ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ዝም ብለው ከተቀመጡ ነው ታዲያ። እሳቸው ደግሞ ሲስቁ ከትከሻቸው እስከ እግራቸው ነው የሚስቁት፣ ፎቶው ላይ የሚቀረው ጭጋግ ብቻ ይሆናል። ለሚንቀሳቀስ ሰው የሚሆነው ኤስ ነው። ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ ሞከረው፤ ብርሃን አነሰውና እናቱ ከነወንበራቸው ጥቁር ሆነው ወጡ። በዚያ ላይ መዘውሯ ላልታለች። ሸሚዙ በነካት ቁጥር ከኤስ ተንሸራትታ ኤ ላይ ቁጭ ትላለች።

እሑድ ረፋዱ ላይ እናቱን ግቢ አወጣቸው። ፀሐዩ ደህና ነው። እናቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍላሉ፣ ባለቤቱ ልብስ ታሰጣለች። እሱ መዘውሯን ኤስ ላይ አድርጎ አድፍጧል። በመሃል ነፋስ አንሶላውን አንስቶ ባለቤቱ ራስ ላይ ጣለው። እሷም ከውስጥ ሆና "ማነው መብራት ያጠፋው?" አለች። እናት በሳቅ ፈረሱ።

ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያነሳ መዘውሯ ተንሸራትታ ኤ ላይ ናት። አዞራት። ግን ወደፊት ነው ያዞራት፤ ሰባቱን ምልክት አንድ በአንድ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ። ኤስ ላይ ሲደርስ እናቱ አፋቸውን ሸፍነው ዕንባቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ኧረ በናትሽ እማዬ! አንዴ እንኳ ቆይ ብትይውስ!"

"ሳቅን ነው ቆይ የምለው?" አሉ እናቱ።

ባለቤቱ ከአንሶላው ወጥታ አጠገቡ መጣች። "ቆይ፣ ኤስ እኮ እዚሁ ጎኗ ነው። አንዴ ወደ ኋላ ጠቅ አታደርጋትም?"

"ወደ ኋላ አይዞርም።"

"ማን አለ?"

"ሰዓት ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ። ደቂቃ ቆጣሪ ወደ ኋላ ካዞርከው የውስጥ ጥርሱ ይሰበራል።"

"ስለ ካሜራ ነው የነገረህ?"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ሰዓት ወደ ኋላ አዙሮ አያውቅም። ሦስት ወር ሙሉ ይህቺንም መዘውር እንደዚያው ሲያዞራት ነው የከረመው። ደሙ ፈላ፤ በማን ላይ እንደሚናደድ ቢጠፋው በእናቱ ላይ ጮኸ።

"ነገ ሊነቀሉ ነው እኮ! ያቺ ፍንጭትሽ የምትታይበት አንድ ፎቶ የለኝም፣ አንድ! ሳምንቱን ሙሉ እሷን ሳሳድድ ነው የሰነበትኩት!"

እናት አተሩን በሁለት እጃቸው እያፈሱ፣ "እኔ ደግሞ ዕቃው ሱስ የሆነብህ መስሎኝ" አሉ። "በል አንሳ።" ቀና ብለው ጥርሳቸውን ገለጥ አደረጉለት። ሲያያቸው ለመታወቂያ የተነሱ ይመስላሉ። ሆድ ባሰው። ካሜራውን ወደ ደረቱ ሲያወርድ መዘውሯ እንደገና ተንሸራተተች።

"ወደ ኋላ" አለች ባለቤቱ።

በሁለት ጣቱ ያዛት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቀለ፣ ውስጧ የሆነ ነገር ቀጭ እስኪል እየጠበቀ አንድ ጠቅታ ወደ ኋላ አዞራት። ምንም አልተሰበረም። አንድ ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ እናቱ ያንን መልኩን አይተው፣ ሁለት እጃቸው አተር እንደሞላ፣ ከትከሻቸው ጀምሮ እየሳቁ ነው። ቁልፉን ተጫነው።

ሦስቱም ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ ጎንበስ አሉ። ፎቶው ላይ የእናቱ እጅ ወደ አፋቸው ሲነሳ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ አተሩ አየር ላይ ነው፣ ፍንጭቷ ደግሞ ቁልጭ ብላለች። ሰዓት ሠሪው ደስ ሊለው ሲገባ እንደ ልጅ አለቀሰ። እናት ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ነገ አብረኸኝ ሂድ" አሉት። "ይሄን ለሐኪሙ አሳየው። አዲሱን ጥርስ ሲሠራልኝ እሷን እንዳይደፍናት።"