ከአብዱልረሂም ትከሻ በላይ

ጋሽ ደባልቄ በልጅነቱ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ፣ እርሻውን ለወንድሞቹ ትቶ፣ አሶሳ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ዛሬ የፓስፖርቱንም የሠርጉንም ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ፣ በዲጂታል። እሱ ጥግ ተቀምጦ ይተቸኛል።

«ሰራዊት፣ ያንተ ካሜራ ቆዳውን ነው የሚያይ። ፊልም ጨለማውን ሳይቀር ያስቀምጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይለኛል።

«ጨለማ ምን ይሠራልኛል?» እለዋለሁ።

ባለፈው ግንቦት ኢቲዳል የምትባል የበርታ ሴት የሟች አባቷን የአብዱልረሂምን ፎቶ ይዛ መጣች። በ1985 ዓ.ም. እዚሁ የተነሳ ነው።

«ትልቅ አድርግልኝ» አለች፣ ሴቱንም በወንድ በሚጠራው አማርኛዋ። «እናቴ እኔን ሲወልድ ሞተ፣ ፎቶ የለውም። ሰው ሁሉ እናትሽን ትመስያለሽ ይላል። ወላሂ፣ ማንን እንደምመስል አላውቅም።»

ፎቶውን በካሜራዬ አነሳሁት። የወረቀቱ እጥፋት እንኳ ጥርት ብሎ ወጣ። ሳጎላው ግን ፊቱ ሟሟ፣ ከጀርባው ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር ሆነ።

«ኔጋቲቩን፣ ዋናውን ፊልም፣ እስካን እናድርገው» አልኩ።

ፊልም ፊልም ሲል የኖረው ሰውዬ «ተወው፣ ያንተው ይበቃል» አለ። ነገሩ አላማረኝም። የ1985 ፊልሞች ያሉበትን ቆርቆሮ ራሴ አወረድኩ።

መሸነፌን አልክድም። ፊልሙን እስካን ሳደርገው የጀለቢያው ክር ሳይቀር ታየ። በእልህ ጨለማውንም ማብራት ጀመርኩ። ከአብዱልረሂም ትከሻ በላይ ሁለት ነጭ ነጥቦች ብቅ አሉ። አቧራ መስሎኝ ላጠፋቸው ስል ዓይን መሆናቸውን አየሁ። ቀጥሎ ግንባር መጣ፣ ከዚያ አፍ። ቀትር ነበር፣ ቆርቆሮ ጣሪያው በሙቀት ይንጣጣል፣ እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ሴት አጠገቤ የተቀመጠችው ናት።

«እኔ ነኝ» አለች ኢቲዳል ቀስ ብላ። «ግን ያኔ አልተወለድኩም እኮ።»

ደባልቄ ቀና ብሎ አላየንም።

«እናትሽ ናት» አለ። «አንችን አርግዛ ነበር። አባትሽን አነሳሁና ፊልሙን ሳላጠነጥን እሷን በላዩ ደገምኩ። ፍላሹም አልበራላት። ስህተቴ እንዳይታወቅ፣ ፎቶውን ሳትም በዚያ በኩል ብርሃን ጨምሬ አጠቆርኳት። ወረቀቱ ብርሃን ሲበዛበት ይጠቁራል።»

«እናቴስ? ፎቶውን ሊወስድ አልመጣም?» አለች።

«መጣች እንጂ። ፊልሙ ተቃጥሏል አልኳት። ስትወልጂ ከልጅሽ ጋር ነይ፣ አብሬ አነሳችኋለሁ አልኳት።»

ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያቺ ሴት ቆርቆሮ ውስጥ ቆማ እየጠበቀች ነበር።

ኢቲዳል ብዙ አየቻት። ከዚያ ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አስተካከለችና ከመጋረጃው ፊት ቆመች። መሐል ላይ አልቆመችም፤ በስተቀኟ የአንድ ሰው ቦታ ተወች።

«ጋሼ ደባልቄ» አለች፣ «ይኸው መጥተናል። አንሳን።»