የሁምቦ መንገድ ጽጌረዳ

ቶማ ጦና በሕይወቱ ብዙ ነገር ተክሏል፤ በቆሎ፣ ቦዬ፣ እንሰት። ጽጌረዳ ግን በ1927 ዓ.ም. ትከል እስኪባል ድረስ አይቶም አያውቅም ነበር።

ከሶዶ ወደ ሁምቦ የሚወርደው አዲሱ የመኪና መንገድ በቶማ ደጃፍ ያልፋል። ምስለኔው አቶ ሰብስቤ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ፣ አበባ የሌለው መንገድ አሳፈራቸውና ስድሳ የጽጌረዳ ችግኝ አስመጡ። ተካዩም ጠባቂውም ቶማ ሆነ። አንድ ችግኝ በጠፋ ቁጥር አንድ ቀን የምስለኔውን እርሻ እንዲያርስ ተነገረው። የበልግ ዝናብ ደግሞ ደርሷል፤ የራሱ በቆሎ በጊዜው ካልተዘራ ሚስቱ ቦሼና አራት ልጆቹ የሚቀምሱት የላቸውም።

ውሃው ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ቶማ በአህያ ጭኖ ያመጣል፣ ያጠጣል፤ የሁምቦ ፀሐይ ከኋላ ከኋላው ትልሰዋለች።

እሱስ ይሁን። የመንገዱ ዳር ሣር ግን ከድሮም የሰፈሩ የጋራ ነው፤ ማንም ላሙን እዚያ ያስራል። ጎረቤቱ ኤርካሎ፣ ቶማ ለችግኞቹ መደገፊያ የተከለውን ካስማ ሲያይ ደስ ብሎት ላሙን አሰረበት።

«ኤርካሎ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ካስማ ተክለህልን የለ? እግዜር ይስጥህ።»

«ለአበባው እኮ ነው የተከልሁት።»

«የቱ አበባ?»

ቶማ ዞር ብሎ ላሟን አየ። ታመነዥካለች።

በሁለት ሳምንት ከስድሳው የቀረው ሦስት ነው። ቶማ መቆጣቱም ሰለቸው። አንድ ማለዳ ከገዛ አጥሩ ቅንጭብ እየቆረጠ በባዶው ቦታ ሁሉ ሰካ። ቅንጭብ ውሃ አይለምን፤ ወተቱ ስለሚያቃጥል ከብትም አይነካው።

አቶ ሰብስቤ በበቅሎ መጡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቅንጭብ ነው ጌታዬ። ውሃም ጠባቂም አይፈልግም።»

ምስለኔው ከዳር እስከ ዳር አዩት። አረንጓዴ ነው፤ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። ቶማ ጅራፍ ጠበቀ።

«ደግ ነው። የእርሻውን ቀን ምሬሃለሁ። ጠባቂ ካልፈለገማ ሥራ ፈት ሆነሃል፤ ከነገ ጀምረህ እስከ ተበላ ከተማ ድረስ ትከልልኝ።»

ሰማዩ ጠቁሯል። ዘሩ ቤት ተቀምጧል።

«እሺ ጌታዬ። ግን ቅንጭብ ከተቆረጠ በኋላ ወተቱ እስኪደርቅ ጥላ ሥር መቆየት አለበት።»

«ስንት ቀን?»

የቶማ ቅንጭብ በተቆረጠበት ማለዳ የተሰካ ነው።

«አንድ ወር» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

ምስለኔው ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው አለፉ። ቶማ ገብቶ በሬዎቹን አወጣ።